የበር ስኬጁሉን ወደ ኤክሴል ከማውጣታችሁ በፊት፦ ለአንድ የሬቪት ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ያለ አንድ ጽሑፍ በሬቪት (የሕንፃ ሞዴልና ሥዕል በሚሠራበት ሶፍትዌር) ስኬጁልን ቶሎ ለመጨረስ ይረዳሉ ያላቸውን ስድስት ምክሮች ያቀርባል። ምክሮቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ስኬጁል ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ይሠራ፤ ሁሉን የሚይዝ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ሼርድ ፓራሜትር (ብዙ ፋይሎች የሚጋሩት የመረጃ መስክ) ጊዜ ስለሚበላ በፕሮጀክት ፓራሜትር (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ በሚፈጠር መስክ) ይተካ፤ እርማቱ ኤክሴል ላይ ይደረግ፤ ከሞዴሉ የወጣ ብዛት ቀጥታ ለዋጋ ሥራ ይተላለፍ፤ ስኬጁል ሲበዛ ፋይሉ ስለሚከብድ ቁጥሩ ይቀነስ። ጸሐፊው ለሥራ ባልደረቦቻቸው አስበው እንደጻፉ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ከስድስቱ አምስቱ ምክሮች ዛሬ የሚያተርፉትን ሰዓት ከነገ ወዲያ በእጥፍ ያስከፍላሉ፤ ስድስተኛውም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ እንግባባ። እዚህ ስኬጁል የምንለው የሥራ ጊዜ ሰሌዳውን ሳይሆን የበር፣ የመስኮት፣ የክፍል፣ የፊኒሺንግና የቁሳቁስ ሠንጠረዡን ነው። ሬቪት ውስጥ ይህ ሠንጠረዥ ልክ እንደ ፕላንና እንደ ሴክሽን አንድ ቪው፣ ማለትም ሞዴሉ የሚታይበት አንድ መስኮት ነው። ሴሉ ላይ የበሩን ስፋት ከ900 ወደ 1000 ሚሊሜትር ብትቀይሩ ፕላኑ ላይ ያለው በር ይሰፋል፤ ረድፉን ብትሰርዙ በሩ ከግድግዳው ላይ ይነሳል። ሌላው የሕንፃ ሞዴል ሶፍትዌር አርኪካድም ኢንተራክቲቭ ስኬጁል በሚለው መሣሪያው የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጽሑፉ ግን ስኬጁልን ከሞዴሉ ተቀድቶ እንደሚወጣ ሪፖርት ስለሚያየው፣ ምክሮቹ ሁሉ ከዚህ አንድ እይታ ይቀዳሉ።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ይሠራ የሚለውን እንይ። ምክንያቱ ሥዕሉ ሲቀያየር ሠንጠረዡ ደጋግሞ ይፈርሳል የሚል ነው። ይህ በእጅ ለሚሞላ ሠንጠረዥ ይሠራ ነበር። ሬቪት ውስጥ ሥዕሉ ሲቀየር ሠንጠረዡ ራሱ ይከተላል፤ በመጨረሻ የሚሠራ ሰው የሚያጣው ሠንጠረዡን ሳይሆን በየቀኑ ስህተት የሚጠቁመውን መሣሪያ ነው። የክፍሎች ስኬጁል ከመጀመሪያው ቀን ክፍት ከሆነ፣ ግድግዳው ያልተዘጋ ክፍል በቆዳ ስፋቱ ቦታ «ኖት ኢንክሎዝድ» ብሎ ይታያል፤ በአንድ ግድግዳ ክልል ውስጥ ሁለት ክፍል ከተቀመጠ «ሪደንዳንት ሩም» ይላል። ፕላን ላይ ያጠፋችሁት ክፍል ደግሞ አይጠፋም፤ «ኖት ፕሌስድ» ሆኖ ሠንጠረዡ ውስጥ ይቀመጣል። ከነጭራሹ የሚወገደው ረድፉ ራሱ ከስኬጁሉ ሲሰረዝ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በመጨረሻው ሳምንት ስኬጁሉን ሲከፍት ወራት ያስቆጠሩ የሞቱ ክፍሎች ተደርድረው ይጠብቁታል።

በሮችም እንዲሁ። የበር ስኬጁል ላይ በሩ ከየትኛው ክፍል ወደ የትኛው እንደሚያስገባ የሚያሳዩትን «ፍሮም ሩም» እና «ቱ ሩም» የተባሉ ፊልዶች (አምዶች) ጨምሩ። ሁለቱም ባዶ የሆኑበት በር ካለ፣ ወይ በዙሪያው ክፍል አልተቀመጠም፣ ወይ ክፍሎቹ የተቀመጡበት የግንባታ ምዕራፍ ስኬጁሉ ከተያዘበት ምዕራፍ ጋር አይገጥምም። ሁለቱ ፊልዶች የሚወሰኑት በሩ በተቀመጠበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ አንዳንዱ በር ኮሪደሩን «ቱ»፣ ቢሮውን «ፍሮም» አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ የበር ቁጥር ከክፍል ቁጥር ጋር የሚያያዝ ከሆነ ይህን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። የተደገመ የበር ቁጥር ለመያዝም ቀላል ዘዴ አለ፦ በማርክ (በበር ቁጥሩ) ደርድሩ፣ እያንዳንዱን በር በራሱ ረድፍ የሚዘረዝረውን «አይተማይዝ ኤቭሪ ኢንስታንስ» የሚለውን ምልክት አንሱ፣ የብዛት ፊልዱን ጨምሩ። ብዛቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ የሆነበት ረድፍ ሁሉ የተደገመ ቁጥር ነው። ይህ ፍተሻ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢደረግ ሁለት ደቂቃ አይወስድም፤ ለመጨረሻ ቀን ከተተወ ግን የበር ቁጥር መቀየር ማለት የታተሙ ሥዕሎችን፣ የሃርድዌር ዝርዝሩንና ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ መቀየር ማለት ነው።

ሁሉን የሚይዝ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ይበቃል የሚለው ሁለተኛው ምክር፣ ያልተነገረለትን አደጋ ይዞ ይመጣል። የሬቪት መረጃ ሁለት ደረጃ አለው። አንዱ የታይፕ ነው፤ የአንድ ዓይነት በሮች ሁሉ የሚጋሩት። ሌላው የኢንስታንስ ነው፤ እያንዳንዱ በር ለብቻው የሚይዘው። በትልቁ ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሴሎቹም በመልክ አይለዩም። ስፋቱ 900 የሆነ አንድ የበር ታይፕ 24 ቦታ ላይ አለ እንበል። አንዱ ብቻ 1000 እንዲሆን ፈልጋችሁ ያን አንድ ሴል ስትቀይሩ 24ቱም ይሰፋሉ። ሬቪት ለውጡ የታይፑን በሮች ሁሉ እንደሚነካ ያስጠነቅቃል፤ ነገር ግን መልእክቱ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚመጣ እጅ ለምዶ «ኦኬ» ይላል። ትክክለኛው አሠራር ታይፑን አባዝቶ አዲሱን 1000 ማድረግና ያንን አንድ በር ወደ አዲሱ ታይፕ መቀየር ነው።

ስለዚህ ሠንጠረዡን በደረጃው መክፈል ይሻላል። አንድ የታይፕ ስኬጁል በታይፕ ማርክ (በታይፑ መለያ) ተደርድሮ፣ አይተማይዝ ጠፍቶ፣ ስፋት፣ ቁመት፣ የፍሬም ዓይነትና የመሳሰሉትን ይያዝ። ሌላው የኢንስታንስ ስኬጁል የበር ቁጥር፣ ክፍል፣ ወለልና አስተያየት ይያዝ። ሬቪት ይዞት የሚመጣው የበር የእሳት መቋቋም ፓራሜትር የታይፕ መሆኑን ልብ በሉ፤ ተመሳሳይ በር በደረጃ ቤቱ ላይ የተለየ ደረጃ ካስፈለገው ሌላ ታይፕ ይፈጠርለታል፣ ወይም የኢንስታንስ ፓራሜትር ይሠራለታል። ለኅትመት ሺት (የሚታተም የሥዕል ገጽ) ላይ ከሚወጡት ሌላ፣ ለራሳችሁ ብቻ የሚሆኑ የሥራ ስኬጁሎች ይኑሩ፤ ስማቸው በ«00» ይጀምርና ከዝርዝሩ አናት ይቀመጡ። ለመደርደር ወይም ለማጣራት የምትፈልጉት ግን መታተም የሌለበት ፊልድ ካለ፣ ፎርማቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ሂደን ፊልድ» በሉት፤ ሥራውን ይሠራል፣ አይታይም።

የክፍል ፊኒሺንግ ላይ ደግሞ ኪ ስኬጁል የሚባለውን መርሳት በደል ነው። 40 ክፍል ቢኖርና የወለል፣ የግድግዳ፣ የዘኮሎና የጣሪያ ፊኒሽ ለእያንዳንዱ በእጅ ቢጻፍ 160 ሴል ይሆናል። ክፍሎቹ ግን የሚጋሩት ምናልባት አምስት ዓይነት ቅንብር ብቻ ነው። በኪ ስኬጁሉ አምስቱን ቅንብሮች አንድ ጊዜ ጻፉ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ቁልፍ ብቻ ትመርጣላችሁ። በአንዱ ቅንብር ላይ የሴራሚኩ ዓይነት ሲቀየር ቁልፉን የያዙት ክፍሎች በሙሉ አብረው ይቀየራሉ። ቁልፍ የተሰጠው ክፍል ሴሎቹ ስለሚቆለፉ በቀጥታ አይታረሙም፤ የተለየ ክፍል ሲመጣ ስድስተኛ ቁልፍ ፍጠሩለት።

ሦስተኛው ምክር ከሁሉ የሚያሳስብ ነው፤ ጉዳቱ ዘግይቶ ስለሚታይ። ጸሐፊው ሼርድ ፓራሜትር በተለየ የጽሑፍ ፋይል መቀመጡን እንደ ትርፍ ውስብስብነት ይቆጥሩታል። ልዩነቱ ግን ተግባራዊ ነው። በፋሚሊ (እንደ በርና መስኮት ያለ ዕቃ በተሠራበት ፋይል) ውስጥ ብቻ የተፈጠረ ፓራሜትር ስኬጁል ውስጥ ጭራሽ አይገባም። የፕሮጀክት ፓራሜትር ስኬጁል ውስጥ ይገባል፣ ታግ (ሥዕሉ ላይ ከዕቃው ጎን የሚቀመጥ መለያ ጽሑፍ) ላይ ግን አይወጣም። ሼርድ ፓራሜትር በሁለቱም ይወጣል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ያለው የሃርድዌር ቁጥር በፕላኑ ታግ ላይም እንዲነበብ ከተፈለገ ያለ ሼርድ ፓራሜትር መንገድ የለም፤ በፕሮጀክት ፓራሜትር ተጀምሮ መሃል ላይ ይህ ሲፈለግ የገባው መረጃ ሁሉ ወደ አዲሱ ፓራሜትር መጻፍ አለበት።

ሼርድ ፓራሜትር የሚጠላው በአግባቡ ስለማይያዝ ነው። ሬቪት ፓራሜትሩን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን ሲፈጠር በተሰጠው ልዩ መለያ ኮድ ነው። አንድ ባለሙያ «የበር ሃርድዌር» ብሎ ይፈጥራል፤ ሌላው ፋይሉን ስላላገኘው በራሱ ፋይል ውስጥ በዚያው ስም እንደገና ይፈጥራል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለሬቪት ሁለት። የስኬጁሉን የፊልዶች ዝርዝር ስትከፍቱ ስሙ ሁለቴ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንዱን ስትመርጡ የግማሾቹ በሮች ሴል ይሞላል፣ የተቀሩት ባዶ ይሆናሉ፤ ሌላውን ስትመርጡ ተገላቢጦሽ። ሰው ይህን ሲያይ ባዶዎቹን በእጅ መሙላት ይጀምራል፣ ሴሎቹ ግን አይቀበሉም፤ ያ ፓራሜትር በነዚያ በሮች ውስጥ የለምና። ሁለቱን አጣብቆ አንድ የሚያደርግ ትእዛዝ የለም። ፋሚሊዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ፓራሜትሩን በትክክለኛው መተካትና እሴቶቹን በእጅ ወይም በዳይናሞ (የሬቪት ሥራን በራሱ እንዲከናወን በሚያደርግ መሣሪያ) ማሻገር ግድ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ለቢሮው አንድ ፋይል ይኑር፣ ሁሉም በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፣ የሚጨምርበት ሰው አንድ ይሁን። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ መነካካት አይገባም። ከሌላ የመጣ ፋሚሊ ውስጥ ፋይላችሁ ውስጥ የሌለ ሼርድ ፓራሜትር ካለ፣ በስሙ አዲስ አትፍጠሩ፤ ፋሚሊ ኤዲተሩ ውስጥ «ኤክስፖርት» አድርጋችሁ ከነኮዱ ወደ ፋይላችሁ አስገቡት። ስትፈጥሩ ደግሞ ዓይነቱን አስቡበት፤ ኋላ አይቀየርም። ርዝመት መሆን የነበረበት ቴክስት ተብሎ ከተፈጠረ «900» ለሬቪት ፊደል ነው፤ አይደመርም፣ በቀመር ውስጥም አይገባም።

ወደ አራተኛው፣ ወደ ኤክሴሉ እንምጣ። ሬቪት ስኬጁልን የሚያወጣው በጽሑፍ ፋይል ነው፤ ኤክሴል ይከፍተዋል። ያንን ፋይል መልሶ የሚያነብበት የራሱ መንገድ ግን የለም። ኤክሴል ላይ የታረመው ሁሉ ኤክሴል ላይ ይቀራል፤ ፕላኑ ላይ ያለው ታግ አሮጌውን ቁጥር ይዞ ይታተማል። ሳይት ላይ ያለው ሰው ሁለት ወረቀት ይዞ አንዱን ያምናል፤ የትኛውን እንደሚያምን የሚወስነው ግን ዲዛይን ያደረገው ሰው አይደለም።

ከዚያ በፊትም ኤክሴል ራሱ መረጃውን ይነካካል። በሮቻችሁን «3-4»፣ «5-11» ብላችሁ ከቆጠራችሁ ፋይሉ እንደተከፈተ ቁጥሮቹ ወደ ቀን ይለወጣሉ። «001» የነበረው «1» ይሆናል። ይህ የሚሆነው ፋይሉ በቀጥታ ሲከፈት ነው፤ ከኤክሴል ውስጥ ገብታችሁ ስታስመጡት አምዱ ቴክስት ነው ብላችሁ ከመረጣችሁ ይተርፋል። በዳይናሞ ወይም በተጨማሪ መሣሪያ መልሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ረድፍ ከትክክለኛው በር ጋር የሚያገናኝ የማይደገም መለያ ያስፈልጋል። የሬቪት የኤለመንት መለያ ቁጥር ስኬጁል ውስጥ እንደ ፊልድ አይመረጥም፤ ስለዚህ መለያው በዳይናሞ ይወጣል፣ ወይም አስቀድሞ በአንድ ፓራሜትር ውስጥ ይጻፋል። በረድፍ ቅደም ተከተል መመለስ፣ አንድ ሰው መሃል ላይ አንድ በር ከጨመረ፣ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ በአንድ ረድፍ ያዛንፋል።

ብዙዎች ወደ ኤክሴል የሚሄዱት ለስሌት ነው፤ ስሌቱ ግን እዚያው ሬቪት ውስጥ ይቻላል። አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። 60 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ ሴራሚክ፣ በካርቶን አራት፣ ማለትም በካርቶን 1.44 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ለብክነት 10 በመቶ እንጨምር። ቀመሩ የክፍሉን ስፋት በ1.1 አባዝቶ ለ1.44 ካሬ ሜትር አካፍሎ በ«ራውንድአፕ» ወደ ላይ ያጠጋጋል። ውጤቱ ተራ ቁጥር እንዲሆን 1.44ቱ ከነመለኪያው የስፋት ልኬት ሆኖ መግባት አለበት፤ ያለዚያ ሬቪት መለኪያዎቹ አይገጥሙም ብሎ ይመልሰዋል። አሁን እያንዳንዳቸው 12.4 ካሬ ሜትር የሆኑ ሦስት ክፍሎችን ውሰዱ። ለየብቻ ሲሰሉ እያንዳንዱ 9.47 ወጥቶ ወደ 10 ይጠጋል፤ በድምሩ 30 ካርቶን። ስፋቱን መጀመሪያ ደምራችሁ ብታሰሉ ግን 37.2 በ1.1 ተባዝቶ 40.92፣ ለ1.44 ሲካፈል 28.42፤ 29 ካርቶን ይበቃል። ለሦስት ክፍል ልዩነቱ አንድ ካርቶን ነው፤ ለ40 ክፍል ግን ትርጉም ያለው ቁጥር ይሆናል። የትኛው ትክክል ነው የሚለው ትርፉ ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገራል ወይ በሚለው ይወሰናል፤ ሶፍትዌሩ ይህን አይመልስላችሁም።

በዚያው ሠንጠረዥ ሌላ ነገር ይታያል። ስፋቱ ያለ ነጥብ እንዲታይ ከተደረገ ሦስቱ ረድፎች 12፣ 12፣ 12 ይላሉ፤ ድምሩ ግን 37 ይላል። ሬቪት የሚደምረው የሚታየውን ሳይሆን ውስጥ ያለውን ነው። ሠንጠረዡን የሚያይ ሰው 36 ብሎ ደምሮ ስህተት አገኘሁ ይላል። ስለዚህ በድምር ለሚቀርብ ስፋት ቢያንስ ሁለት የነጥብ ቤት ተዉ። ድምሩ ባዶ ሆኖ ከቀረባችሁ ደግሞ በፎርማቲንግ ውስጥ ለዚያ ፊልድ «ካልኩሌት ቶታልስ» አልተመረጠም ማለት ነው።

ኤክሴል ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ነጠላ ዋጋ፣ የአቅራቢ ስምና የግዥ ሁኔታ ሞዴሉ ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ እዚያ ይያዙ። ልኬትና መለያ ግን ከሞዴሉ አይውጡ።

አምስተኛው ምክር፣ ብዛቱ ቀጥታ ለዋጋ ሥራ ይተላለፍ የሚለው፣ ገንዘብ የሚነካ ነው። ሬቪት በትክክል ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ግን የተሳለውን ነው። እድሳት ላይ ከሆናችሁ የስኬጁሉን የምዕራፍ ፊልተር ተመልከቱ፤ «ሾው ኦል» ከሆነ የሚፈርሱት በሮች ከአዲሶቹ ጋር ተደምረው ይወጣሉ። ለአዲስ ሥራ ብቻ ከሆነ «ሾው ኒው» ይሁን። በሌላ ሞዴል ሊንክ የገቡ በሮች፣ ፊልዶች ገጽ ላይ ያለው የሊንክ ምልክት ካልተደረገ፣ አይቆጠሩም። በፋሚሊ ውስጥ የገባ ሌላ ፋሚሊ «ሼርድ» ካልተባለ ለብቻው አይወጣም፤ ከመስኮቱ ጋር የተሠራ የፀሐይ መከላከያ በዚህ ምክንያት ከዝርዝሩ ይቀራል። የከርተን ዎል (በግሪድ የተከፋፈለ የመስታወት ግድግዳ) በር ልኬቱን ከግሪዱ ስለሚወስድ የስፋትና የቁመት ሴሉ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

የኮንክሪት ልኬት ላይ መጣመር ይታይ። 400 በ400 የሆነ ምሰሶ 200 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ሶሌታ ውስጥ ሳይጣመር ካለፈ በእያንዳንዱ መገናኛ 0.032 ሜትር ኩብ ሁለቴ ይቆጠራል። ትንሽ ይመስላል። በፎቅ 24 ምሰሶ፣ አምስት ፎቅ ሲሆን 120 መገናኛ ነው፤ 3.84 ሜትር ኩብ የሌለ ኮንክሪት። «ጆይን ጂኦሜትሪ» የሚለው የማጣመሪያ ትእዛዝ ይህን ያስተካክላል።

የግድግዳ ስፋትም የአንድ ፊት ስፋት መሆኑ ይታወቅ፤ ልስኑ በሁለቱም ወገን ከሆነ በሁለት ይባዛል። ሬቪት የበርና የመስኮቱን ክፍተት ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ይቀንሳል፤ ብዙ የልኬት ደንቦች ግን ትናንሽ ክፍተቶችን አይቀንሱም፤ የመስኮቱ ጉንጭ ልስን ደግሞ በዚህ ስፋት ውስጥ የለም። በመሆኑም ብዛቱን ከማስተላለፍ በፊት አንድ ፎቅ መርጦ ፕላኑ ላይ በእጅ መቁጠር ያስፈልጋል። ካልገጠመ አጠራጣሪውን ረድፍ ይዛችሁ «ሃይላይት ኢን ሞዴል» በሉ፤ ያ ዕቃ የት እንዳለ ያሳያችኋል። በአብዛኛው መልሱ አንዱ ላይ አንዱ የተደረበ ተመሳሳይ ዕቃ፣ ወይም የተሳሳተ ወለል ላይ የተቀመጠ በር ይሆናል።

ስድስተኛው ስኬጁል ሲበዛ ፋይሉ ይከብዳል ይላል። የሚከብደው የስኬጁሉ ብዛት ሳይሆን ክፍት ሆኖ ከሞዴሉ ጋር የሚኖረው ነው፤ በተለይ ሺህ ረድፍ ያለው የማቴሪያል ቴክኦፍ (የቁሳቁስ ብዛት ሠንጠረዥ) በአንድ ስክሪን ላይ፣ ፕላኑ በሌላው ተከፍቶ ሲሠራ። ሥራችሁን ስትጨርሱ ዝጉት። ጸሐፊው ትክክል የሚሆኑበት «ዶር ስኬጁል ኮፒ 1»፣ «ዶር ስኬጁል 2» እየተባሉ የሚከማቹት ላይ ነው። እነዚህን ማጥፋት ተገቢ ነው፤ ግን በፍጥነት ምክንያት አይደለም። አንዱ ፊልተሩ የተለወጠ ቅጂ ሆኖ ሺት ላይ ሳይታወቅ ይቀመጣል፣ የሚታረመው ግን ሌላው ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት የትኛው ሺት ላይ እንደተቀመጠ እዩ። ሥዕል ከመውጣቱ በፊትም ሺት ላይ ያለውን እያንዳንዱን ስኬጁል ከፍታችሁ ፊልተሩን፣ ምዕራፉንና የመጨረሻ ረድፉን ተመልከቱ፤ ረጅም ሠንጠረዥ ከወረቀቱ ጠርዝ አልፎ ከተቆረጠ ሬቪት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።